የሰርግ ፉል ፍሬም ለኳስ ይሆናል? ሜዳ ወርዶ የመፈተኛ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ውስጥ ካሜራ ያለው ሰው በአብዛኛው የሰርግ ሰው ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ሙሽራ፣ በመሀል ምርቃት፣ ልደት፣ ክርስትና። ለዚህ ሥራ ፉል ፍሬም ካሜራ እወዳለሁ። የአዳራሹ መብራት ደካማ ቢሆንም ፊት ያወጣል፣ ጀርባውንም ያለሰልሳል። ታዲያ አንድ ቀን የሰፈር ቡድን አሰልጣኝ ይደውልና «እስቲ ጨዋታችንን አንሳልን» ይላል። ያው የሰርጉ ካሜራ ይወጣል። ጥያቄውም እዚያው ይነሳል። ይሄ ካሜራ ለኳስ፣ ለሩጫ፣ ለጉግስ ይሆናል ወይ?

እኔ መልሱን ያገኘሁት ገንዘብ ከከፈልኩ በኋላ ነው። ለስፖርት ብዬ አንድ ያገለገለ ፉል ፍሬም ልገዛ ስል እዚያው ሻጩ ፊት ሞከርኩት። ሰዓቱ ሰባት ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አስፋልት ላይ የሚያልፍ ባጃጅ አነሳሁ። ጥርት አለ። ገዛሁ። በሳምንቱ ሆጤ ሜዳ ወረድኩ። ወደ 11 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ገባች፤ ሜዳው በአንዴ ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ ካነሳሁት ውስጥ ለቡድኑ የምሰጠው አጣሁ። የግብ ጠባቂው ፊት ብዥ ብሏል። ከኋላው ያለው የቆርቆሮ አጥር ግን ምስማሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ካሜራው ጤነኛ ነበር። እኔ ነኝ በሚሠራበት ሰዓት፣ በሚሠራበት ቦታና በሚሠራበት ሌንስ ሳልፈትነው የገዛሁት።

ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ካሜራ ከዚህ በታች ባለው መንገድ ነው የምፈትነው። ሁለት ከሰዓት ይበቃዋል።

መጀመሪያ ይቺ ትግባችሁ

ፉል ፍሬም ማለት ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል) 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሜራ ነው፤ ልክ እንደ ድሮው ፊልም። ክሮፕ የምንለው ሴንሰሩ ያንሳል። በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት ሌንስ ክሮፕ ላይ ሲገጠም የሚያቀርብ ይመስላል፤ ኒኮንና ሶኒ ላይ በ1.5፣ ካኖን ላይ በ1.6 እጥፍ። 200 ሚሊ ሜትሩ እንደ 300 ያሳያችኋል ማለት ነው።

የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋት ከክሮፑ ከእጥፍ በላይ ነው። አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) እና የሹተሩ (ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ፍጥነት እኩል ሆነው ፍሬሙ በሰውየው ከተሞላ፣ ከእጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ሲመሽ ፎቶው ንጹህ የሚሆነው ለዚህ ነው። «ከተሞላ» ያልኩትን ግን ልብ በሉ። ሌንሳችሁ አጭር ሆኖ ተጫዋቹ መሀል ላይ ትንሽ ሆኖ ቢቀርና ቤት ገብታችሁ ብትቆርጡት፣ የቆረጣችሁት ሴንሰሩን ጭምር ነው። ያን ያህል የተከፈለበት ትልቅ ሴንሰር ዳሩ በሙሉ ተጣለ። የቀረው በክሮፕ ካሜራ ካነሳችሁት ብዙም አይለይም።

ስለዚህ የፈተናው ዋና ጥያቄ ይህ ነው። እጃችሁ ላይ ባለው ሌንስ፣ በምትቆሙበት ቦታ፣ የመጨረሻው ሰዓት ላይ ፍሬሙን መሙላት ትችላላችሁ? ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

ከመውጣታችሁ በፊት

ካሜራውን ለሁለት ቀን ተዋሱ ወይም ተከራዩ። አንድ ቀን አይበቃም፤ የመጀመሪያው ቀን እጅ ማላመጃ ነው። ልትገዙት ያሰባችሁት ያገለገለ ካሜራ ከሆነ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተመታ ጠይቁ። ለምሳሌ ኒኮን ዲ750 እና ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ለ150 ሺህ ያህል ምት ተብለው የተሠሩ ናቸው። ስፖርት ደግሞ በአንድ ጨዋታ 1 ሺህ ምት በቀላሉ ይበላል።

ሌንሱ ወደፊት በእርግጥ የምትሠሩበት ይሁን። ለሙከራ ብቻ የሰው 400 ሚሊ ሜትር ተውሳችሁ፣ በኋላ በራሳችሁ 70-200 የምትሠሩ ከሆነ ፈተናው ዋጋ የለውም። የራሳችሁን ሜሞሪ ያዙ። ባትሪ ሁለት። ወረቀትና እስክሪብቶ። ከተገኘ አንድ ክሮፕ ካሜራ ለማስተያያ፤ ያረጀ ቢሆንም ግድ የለም።

ፈቃድ ሳትጠይቁ ደግሞ ሜዳ ዳር አትቁሙ። አሰልጣኙን፣ የሜዳውን ኃላፊ፣ ፀጥታ የሚያስከብሩትን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ረጅም ሌንስ ከሩቅ ሲታይ ሰው ብዙ ነገር ሊያስብ ይችላል። ልጆች የምታነሱ ከሆነ ወላጅ ወይም አስተማሪ ይወቅ። ሰላምታ አስቀድማችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ ተናግራችሁ ከጠየቃችሁ ቦታ የሚነፍጋችሁ አይኖርም፤ ወሎ ነው።

ካሜራውን ለስፖርት ማሰናዳት

የሰርጉን ቅንብር በሙሉ እርሱት።

ሹተሩን 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርጉ። ምክንያቱን በቁጥር እዩት። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ ተጫዋች በ1/1000 ውስጥ 8 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። በ1/250 32 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ የሁለት ጣት ስፋት ነው። ሰርግ ላይ በለመድነው 1/125 ደግሞ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ። እሱ ላይ ፊት የሚባል ነገር አይተርፍም። ለተመታ ኳስ 1/2000 ይሻላል፤ ለመጀመሪያው ሙከራ ግን 1/1000 ይበቃል።

አፐርቸሩን ሌንሱ እስከሚችለው ክፈቱት። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) አውቶ ላይ አድርጋችሁ ጣሪያውን አንሱለት፤ የሚደርስበትን ማየት እንፈልጋለን። ፎከሱ ተከታታይ ይሁን። ካኖን ላይ «ኤአይ ሰርቮ» ወይም «ሰርቮ» ይባላል፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ «ኤኤፍ-ሲ»። ከሁሉም የፎከስ ነጥብ ይልቅ መሀል ላይ ያለውን ትንሽ ስብስብ ምረጡ። ሁሉንም ከከፈታችሁት ብዙ ካሜራዎች ቅርብ ያለውን ይይዛሉ፤ ዳኛውን ወይም የመስመር ባንዲራውን። መስታወት አልባ (ሚረርለስ) የሆኑት አዳዲሶቹ ሰውና ዓይን የመለየት ዘዴ ስላላቸው፣ አንዴ አብርታችሁ አንዴ አጥፍታችሁ ሞክሩ።

ሹተሩ ሜካኒካል ይሁን። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለውንም አጥፉት፤ ዓይናችሁ ከጨዋታው እንዳይነቀል።

የሚቻል ከሆነ ፎከሱን ከሹተሩ ቁልፍ አውጥታችሁ ከኋላ በኩል ባለው ቁልፍ አድርጉት። አውራ ጣት ይከታተላል፣ ሌባ ጣት ይመታል። መጀመሪያ ቀን ያናድዳል። ሁለተኛው ቀን ላይ ለምን ቀድሜ አላወቅኩም ያሰኛል።

ፈተና አንድ፦ ርቀቱ

ጨዋታ ሳይኖር ባዶ ሜዳ ላይ ሂዱ። ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው። የፍጹም ቅጣት ምቱ ክልል ከጎል መስመር 16.5 ሜትር ይወጣል፤ የመሀሉ መስመር 52.5 ሜትር ላይ ነው። የሰፈር ሜዳ ብዙ ጊዜ ከዚህ ስለሚያንስ በእርምጃ ለኩት። እናንተ ጎል መስመሩ ላይ፣ ከጎሉ ትንሽ ፈንጠር ብላችሁ ተቀመጡ። አንድ ሰው መጀመሪያ ክልሉ ጫፍ ላይ፣ ቀጥሎ መሀል መስመር ላይ ይቁም።

በ200 ሚሊ ሜትር፣ በ50 ሜትር ርቀት፣ ፉል ፍሬም በቁመት 6 ሜትር ያህል ቦታ ያሳያል። አንድ ሜትር ከሰባ አምስት የሆነ ተጫዋች ከፍሬሙ ሲሶ አይሞላም። በ1.5 ክሮፕ ላይ ያው ሌንስ 4 ሜትር ያሳያል፤ ተጫዋቹ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ልዩነቱ ይሄው ነው። ክልሉ ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ፉል ፍሬሙ ሰውየውን ከነእግሩ፣ ከነኳሱ ይይዛል፤ ክሮፑ እግር መቁረጥ ይጀምራል።

መቁረጥ ሁሉ ኪሳራ ነው እያልኩ አይደለም። 24 ሜጋፒክሰል ፉል ፍሬም በ1.5 ሲቆረጥ ወደ 10.7 ሜጋፒክሰል ይቀረዋል። ኤ4 ወረቀት ላይ በጥራት ለማተም 8.7 ገደማ ይበቃል። ለቴሌግራምማ ይተርፋል። በቀን ብርሃን ቁረጡ፤ ምንም አትሆኑም። ሲመሽ ነው መዘዙ።

ወልዲያ ላይ በ2009 ዓ.ም. እንደተመረቀው ዓይነት፣ 25 ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ ትልቅ ስታዲየም ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የት እንድትቆሙ እንደሚፈቀድላችሁ አስቀድማችሁ እወቁ። በሰፈር ሜዳ ጎሉ ሥር ቁጭ ብሎ የተፈተነ ሌንስ እዚያ ላይ አጭር ሊሆንባችሁ ይችላል።

ፈተና ሁለት፦ የሚመጣው ልጅ

ከሁሉም ፈተናዎች ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህን ነው። ለካሜራ ከባዱ ነገር በጎን የሚያልፍ ሰው አይደለም፤ ፊት ለፊት እየሮጠ የሚመጣ ሰው ነው። ርቀቱ በየቅጽበቱ ይለወጣል። ፎከሱ ደርሶ መጠበቅ አለበት።

አንድ የሰፈር ልጅ ለምኑ። እኔ የጎረቤታችንን ልጅ ይዤ ነው የምሄደው፤ ቀይ ማሊያ፣ ጀርባው ላይ 9 ቁጥር፣ አፍንጫው የተገነጠለ ሸራ ጫማ። ከ40 ሜትር ላይ ተነስቶ ወደ እኔ ይሮጣል። «ዓይንህ እኔ ላይ፣ አትዘግይ» እለዋለሁ። አውራ ጣቴን ተጭኜ ደረቱ ላይ እይዛለሁ፤ 30 ሜትር ላይ ሲደርስ መተኮስ እጀምራለሁ፤ አጠገቤ እስኪደርስ አላቆምም። ከዚያ ይመለሳል። አሥር ጊዜ። ሰባተኛው ላይ ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። «ይብቃህ እንዴ?» ስለው «አብሽር ጋሼ፣ ገና ነኝ» ይላል። ለስላሳውን በልቡ ይዞታል።

ቤት ስትገቡ ትልቅ ስክሪን ላይ ክፈቱት። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሁሉም ፎቶ ጥሩ ነው፤ አትመኑት። እያንዳንዱን መቶ በመቶ አድርጋችሁ ቅንድቡን እዩ። የቅንድቡ ፀጉር ከተለየ አልፏል። ፊቱ ብዥ ብሎ ማሊያው ላይ ያለው ስፌት ጥርት ካለ ወድቋል። ከኋላው ያለው ባሕር ዛፍ ከጠራማ ፎከሱ ጭራሽ ለቆታል። ወረቀት ላይ በየሩጫው ምልክት አድርጉ። ከአሥር ሰባት ካለፈ ለእኔ ካሜራው ይሠራል። አምስትና ከዚያ በታች ከሆነ ለሰርግ ይመለስ።

ስህተቱ የት ላይ እንደሚበዛም ተከታተሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፎቶዎች ብቻ ከሳቱ ካሜራው ሳይዝ ቸኩላችሁ ተኩሳችኋል፤ በልምምድ ይስተካከላል። ልጁ ሲቀርብ፣ ከ10 ሜትር ወዲህ ብቻ ከሳተ የብዙዎቹ ድካም ነው። መሀል መሀሉ ላይ ያለ ሥርዓት ከሳተ ግን ፎከሱ አቅም የለውም።

ቀጥሎ ሌሎች ሁለት ልጆች በፊቱ እንዲያቋርጡ አድርጉ። ጨዋታ ላይ ይህ በየደቂቃው ያለ ነው። ካሜራው ሰውየውን ትቶ አቋራጩን ይከተላል? ይሄ «የፎከስ ትዕግሥት» የሚስተካከልበት ሜኑ ያላቸው ካሜራዎች አሉ፤ ካለው ትዕግሥቱን ጨምሩና ድገሙት።

መስታወት ያላቸው የቆዩ ፉል ፍሬሞች ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቪውፋይንደሩን (ዓይን የምታስጠጉበትን መመልከቻ) ስታዩ የፎከስ ነጥቦቹ መሀል ላይ ተሰብስበዋል። ካኖን 6ዲ 11 ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ዲ750 51 ቢኖረውም ዳር ድረስ አይዘልቁም። ተጫዋቹን ወደ ፍሬሙ ጠርዝ ልታመጡት ስትሉ ነጥብ የለም። ሰርግ ላይ ፎከስ ይዘን ካሜራውን ዞር እናደርጋለን፤ የሚሮጥ ሰው ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ሩጫውን አንዴ ልጁን ዳር ላይ አድርጋችሁ ድገሙት።

ክረምት ላይ ደሴ ጉም ሲገባ ያው ፈተና ሌላ ውጤት ይሰጣል። ጉም የመልክ ልዩነቱን ያጠፋዋል፤ ፎከስ ደግሞ የሚይዘው ልዩነት አይቶ ነው። ከቻላችሁ አንድ ጉም የገባበት ጠዋት ሞክሩት። ኮምቦልቻ ላሉት ይሄ ብዙም አያሳስብም።

ፈተና ሦስት፦ ሲመሽ

በመጀመሪያው ቀን ያጣሁት ይህ ነው። ጨዋታ ባለበት ቀን ከ10 ሰዓት ጀምራችሁ እስከ 12 ሰዓት ሜዳው ዳር ሁኑ። በየ20 ደቂቃው አንድ ዓይነት ነገር አንሱ፤ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሌንስ፣ በዚያው 1/1000። አይኤስኦው ስንት እንደደረሰ ወረቀቱ ላይ ጻፉ።

ፀሐይ ባለበት ሰዓት፣ ኤፍ 4 ላይ (ኤፍ የአፐርቸሩ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) አይኤስኦ 100 ብቻ በቂ ነው፤ ሹተሩም ከ1/1000 በላይ መውጣት ይችላል። ጥላው ሜዳውን ሲሸፍነው ብርሃኑ ወደ ሦስት እርከን ይወርዳል (በየእርከኑ በግማሽ ይቀንሳል)፤ 800 ትደርሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ሰማዩ እየጠቆረ ሲሄድ 3200፣ 6400 ይሆናል። ሌንሳችሁ ኤፍ 5.6 ከሆነ ይህን ሁሉ በእጥፍ አስቡት። እንደ ደሴ ተራራ ከምዕራብ የቆመበት ከተማ ላይ ጥላው የሚመጣው ከመጥለቂያው በፊት ነው። ኳሱ የሚደምቀው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው፤ ሥራ የዋለው ሰው ሁሉ ሜዳ የሚወርደው ሲመሽ ነዋ።

ክሮፑን ከያዛችሁ አሁን ጎን ለጎን አንሱ። ግን ልክ አስተያዩ። ከአንድ ቦታ ቆማችሁ በአንድ ሌንስ ካነሳችሁ፣ የፉል ፍሬሙን ፎቶ ቆርጣችሁ ከክሮፑ እኩል አድርጉት። ያኔ ልዩነቱ እንደሚጠብ ታያላችሁ። ቀጥሎ ፉል ፍሬሙን ይዛችሁ ወደ ጎሉ ቅረቡ፤ ተጫዋቹ ፍሬሙን እስኪሞላ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ጥቁር ቆዳ ላይ ያለውን ጥላ እዩ፤ ጉንጭና አገጭ ሥር። ኖይዙ (አሸዋ የመሰለው ነጠብጣብ) መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ንጹህ ከሆነ ፉል ፍሬሙ ዋጋውን አወጣ።

ፎቶውን የምታዩት በሚውልበት መጠን ይሁን። ሰዎቹ በስልክ የሚያዩት ከሆነ 6400 ላይ ያለ ኖይዝ አይጎዳም። የደበዘዘ ፊት ግን በስልክም ይታወቃል። ስለዚህ አይኤስኦ ፈርታችሁ ሹተሩን አታውርዱ።

ፈተና አራት፦ ሲተኩስና ሲያንቅ

ይሄ አጭር ነው። የስልክ ሰዓት ያዙ፤ ቁልፉን ተጭናችሁ አትልቀቁ። በሰከንድ ስንት እንደሚያነሳ፣ ከስንት ሰከንድ በኋላ እንደሚያንቀው (መጻፉ አልደርስ ብሎት እንደሚዘገይ)፣ የሜሞሪው መብራት እስኪጠፋ ስንት እንደሚፈጅ ጻፉ። አንዴ በሮው (ባልታመቀው ትልቅ ፋይል)፣ አንዴ በጄፔግ (በታመቀው ትንሽ ፋይል)። ካኖን 6ዲ በሰከንድ 4.5፣ ዲ750 6.5፣ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 10 ያነሳል። ክሮፕ የሆኑት ካኖን 7ዲ ማርክ 2 እና ኒኮን ዲ500 ደግሞ 10 ናቸው፤ ለስፖርት ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ ፎከሳቸውም ጠንካራ ነው። ስለዚህ «ፉል ፍሬም ስለሆነ ይበልጣል» የሚለውን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ለእኔ 6 ይበቃል፤ ግን ጄፔግ ላይ አራት አምስት ሰከንድ ሳያንቅ መሄድ አለበት። ካነቀው መጀመሪያ ሜሞሪውን ቀይሩ። «ቪ30» የሚል የተጻፈበት ቢያንስ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ሳያቋርጥ ይጽፋል። አንዳንዴ ጥፋቱ የካሜራው ሳይሆን የሜሞሪው ነው።

ፈተና አምስት፦ ድምፅ አልባው ሹተርና የአዳራሽ መብራት

መስታወት አልባ ካሜራ ከሆነ ኤሌክትሮኒክ ሹተር አለው። ኳስ ሲመታ በሱ አንሱና እዩ። ብዙዎቹ ካሜራዎች ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያሉ ስለሚያነቡ ኳሱ እንቁላል ይመስላል፣ እግሩም ይጣመማል። እንዲህ ካደረገ ለስፖርት ሜካኒካሉ ላይ ቆዩ። መረብ ኳስ ወይም ቅርጫት ኳስ አዳራሽ ውስጥ የምታነሱ ከሆነ ደግሞ የመብራቱን ምት ፈትኑ። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ የሚርገበገብ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይደበዝዛል። አሥር ፎቶ በተከታታይ አንሱ። ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ጨለም ያለ ከሆነ ካሜራው ይህን የሚጠብቅበት ቅንብር እንዳለው ሜኑ ውስጥ ፈልጉ።

ፈተና ስድስት፦ ሙሉ ዘጠና ደቂቃ

በሁለተኛው ቀን አንድ ጨዋታ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው አንሱ። 70-200 ኤፍ 2.8 ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፤ ከካሜራው ጋር ከሁለት ኪሎ ያልፋል። ሰባኛው ደቂቃ ላይ ክንዳችሁ ሲዝል ካሜራው ዝቅ ይላል፤ ጎል ደግሞ ያኔ ይገባል። ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር መደገፊያ) ካላችሁ ያዙ። ሌንስ ሜዳው ላይ አትቀይሩ። አቧራውና የመስመሩ ኖራ ሴንሰር ላይ ይገባል፤ በማግሥቱ ሰማዩ ሁሉ ነጠብጣብ ይሆናል።

ጉግስ የምታነሱ ከሆነ ዘጠና ደቂቃውን በፈረስ ተኩት። ፈረስ ሲጋልብ አንገቱ ከፈረሰኛው ፊት ስለሚቀድም ፎከሱ የፈረሱን ጭንቅላት ይይዛል። ሰውየውን መያዝ ይችል እንደሆነ ፈትኑ። ከዚያም ሹተሩን ወደ 1/60 አውርዳችሁ ከፈረሱ ጋር እየዞራችሁ አንሱ። እንደዚያ ሲሠራ የኋላው ሕዝብ ተጎትቶ ቀለም ብቻ ይሆናል፤ ፈረሰኛው ተለይቶ ይወጣል። ሲሳካ እንደሱ ደስ የሚል ፎቶ የለም።

አሁን ቁጠሩ

ከጨዋታው ስንት አነሳችሁ? ስንቱ ፊት አለው? ስንቱ ላይ ኳስ አለ? ለአሰልጣኙ ሳታፍሩ የምትሰጡት ስንት ነው? የመጀመሪያውን አጋማሽና የመጨረሻዎቹን 20 ደቂቃዎች ለየብቻ ቁጠሩ።

ቀን ላይ ጥሩ ሆኖ ሲመሽ የወደቀ ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ የጻፋችሁትን አይኤስኦ እዩ። ፎቶው ስለታም ሆኖ በኖይዝ ብቻ ከወደቀ የሚፈልገው ኤፍ 2.8 ሌንስ ነው፤ ካሜራውን አትለውጡት። ያገለገለም ቢሆን ሌንሱን ግዙ። ስለታም ካልሆነና ቀንም የሩጫው ፈተና ላይ ደካማ ከነበረ ፎከሱ ነው፤ ሌንስ አያድነውም። ተጫዋቾቹ ሁሉ መሀል ላይ ትንንሽ ሆነው ከቀሩ፣ ቀን ቀን ብቻ የምትሠሩም ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ፉል ፍሬም ላይ አታውሉ። ለስፖርት የተሠራ ያገለገለ ክሮፕ ከ70-200 ጋር ይዛችሁ፣ ፉል ፍሬሙን ለሙሽራው አስቀምጡት። እኔ አሁን የምሠራው እንደዚያ ነው። ፀሐይዋ ጦሳ እስክትደርስ ክሮፑን ይዤ ከመስመሩ ዳር እቆማለሁ። ጥላው ሲመጣ ፉል ፍሬሙን አንስቼ ጎሉ አጠገብ እሄዳለሁ።

የቆጠራችሁበትን ወረቀት አስቀምጡት። ሌላ ካሜራ ልትሞክሩ ስትሉ ያንኑ ልጅ፣ ያንኑ ሜዳ፣ ያንኑ ሰዓት ይዛችሁ ከሱ ጋር ታስተያዩታላችሁ። ልጁንም ፎቶውን ላኩለት። ለስላሳውንም አትርሱ።